ደቻቱን የሚጠብቅ ጭቃ

መሣሪያዬን በተከልኩ በአሥራ አንደኛው ቀን ጠዋት ወደ ፈፋው ስወጣ የፀሐይ ፓነሉ አልነበረም። የቆመበት የብረት ዘንግ ብቻ ቀርቷል። አራቱ ብሎኖች በጥንቃቄ ተፈትተው ከዘንጉ ሥር በአንድ ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ ተደርድረዋል፤ ሽቦው በስለት ተቆርጧል። መሣሪያው በሳጥኑ ውስጥ ሳይነካ ተቀምጦ ነበር፤ ነገር ግን የሚመግበው ስላጣ ከሦስት ቀን በኋላ ዝም አለ።

የወሰደውን ሰው መርገም አልቻልኩም። 20 ዋት ፓነል መብራት ላልገባበት ቤት የማታ አምፖል ነው፣ የስልክ መሙያ ነው፣ ልጅ የሚያጠናበት ብርሃን ነው። ያሳዘነኝ ሌላ ነገር ነው። ያ መሣሪያ እዚያ የቆመው በፈፋው ውኃ ሲመጣ ከታች ላለው ከተማ እንዲናገር ነበር። ድሬዳዋ ደግሞ የሚነግራት አጥታ ምን እንደደረሰባት አይቻለሁ።

ተወልጄ ያደግኩት በድሬዳዋ፣ ከዚራ ሰፈር ነው። ደቻቱ ወንዝ ይባል እንጂ ከዓመቱ አብዛኛውን ጊዜ አሸዋ ነው። ልጆች ኳስ ይጫወቱበታል፣ ፍየልና ግመል ያቋርጡታል፣ ከከዚራ ወደ ማዶው ሰፈር ወደ መጋላ የሚሄድ ሰው ወንዝ መሻገሩን እንኳ ልብ አይልም። ሐምሌ 29 ቀን 1998 ዓ.ም. ለሐምሌ 30 አጥቢያ ግን ከከተማዋ በላይ ባሉት ተራሮች የጣለው ዝናብ በዚያ አሸዋ ላይ ወረደ። ከ200 በላይ ሰዎች ሞቱ። የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ነበርኩ። ከዚያ ሌሊት የማልረሳው የውኃውን ሳይሆን የድንጋዮቹን ድምፅ ነው፤ ጎርፉ ውስጥ እየተንከባለሉ ሲጋጩ የሚያሰሙት ድምፅ ከሩቅ የጭነት ባቡር ይመስል ነበር።

ሲነጋ አባቴ ከቤት እንዳልወጣ አስጠንቅቆኝ ሄደ። ማታ ሲመለስ ጫማው የለም፣ ሱሪው እስከ ጉልበቱ ጭቃ ነው። እራት አልበላም። የተናገረው አንድ ነገር ብቻ ነበር፦ «ከላይ የሚደውል አንድ ሰው ቢኖር ኖሮ።»

አባቴ ዕድሜውን በሙሉ በባቡር ጣቢያ የባቡሮችን መነሻና መድረሻ ሰዓት በመዝገብ ሲያሰፍር የኖረ ሰው ነው። ባቡር ከአንዱ ጣቢያ ሲነሣ ወደሚቀጥለው ጣቢያ ይደወላል፤ ሳይደወልለት የሚመጣ ባቡር የለም። ስለዚህ ያንን ሌሊት ያዘነው እንደ ባቡር ሠራተኛ ጭምር ነበር። ኤሌክትሪክ ምሕንድስና ያጠናሁት በሌላ ምክንያት ቢሆንም፣ ተመርቄ ወደ ድሬዳዋ ተመልሼ ማስተማር ስጀምር የመጀመሪያው የምርምር ሐሳቤ ከዚያች የአባቴ ዓረፍተ ነገር ወጣ።

በፈፋ ውስጥ የውኃን ከፍታ የሚለካ መሣሪያ መሥራት ከባድ አይደለም። ከባዱ ሳይቋረጥ እየሠራ እንዲኖር ማድረጉ ነው።

ይህን ከማንም በላይ የሚያውቁት የባሕር መሐንዲሶች ናቸው። ፓነሉ ከጠፋ በኋላ በነበሩት ሳምንታት ሌሊት ሌሊት የምናነበው የእነሱን ሥራ ነበር፤ የምናነበው የምለው አባቴ አጠገቤ ተቀምጦ እየተረጎምኩለት ስለሚሰማ ነው። አርጎ የሚባለውን ዓለም አቀፍ መርሐ ግብር ብዙ ሰው አያውቀውም። በአሁኑ ጊዜ 4,000 ያህል መሣሪያዎቹ በውቅያኖሶች ውስጥ ይንሳፈፋሉ። እያንዳንዱ ቁመቱ ሰው የሚያህል ቱቦ ነው። 1,000 ሜትር ወርዶ በጨለማ ውስጥ ከባሕሩ ጋር ይንሳፈፋል፤ በየ10 ቀኑ ወደ 2,000 ሜትር ይጠልቅና የውኃውን ሙቀት፣ ጨዋማነትና ግፊት እየለካ ወደ ላይ ይወጣል። የሚወጣው በሞተር እየቀዘፈ አይደለም። በሆዱ ያለውን ዘይት ከውጭ ወዳለ ፊኛ ይገፋል፤ ክብደቱ ሳይለወጥ መጠኑ ስለሚሰፋ ውኃው ያነሣዋል። ላይ ሲደርስ የለካውን ለሳተላይት ልኮ ተመልሶ ይጠልቃል። በባሕር ውስጥ የሬዲዮ ሞገድ ሩቅ ስለማይሄድ ለመናገር የግድ ብቅ ማለት አለበት። ባትሪው የሚቆየው ጥቂት ዓመታት ነው፤ ሲያልቅ ባትሪ ሊቀይርለት የሚሄድ መርከብ የለም።

አባቴ ይህን ሲሰማ «ታዲያ እየቆጠበ ነው የሚኖረው» አለ። አዎን፣ እየቆጠበ ነው የሚኖረው።

በሕንድ ውቅያኖስ ላይ በገመድ ታስረው የቆሙ ሌሎች መሣሪያዎች አሉ፤ ራማ በሚባል መረብ ውስጥ የተደራጁ ናቸው። ስለ እነሱ ሳነብ የራሴን ፈፋ አየሁ። ዓሣ በውኃ ላይ ከሚንሳፈፍ ነገር ሥር መሰብሰብ ይወዳል፤ ስለዚህ ዓሣ አጥማጆች ጀልባቸውን ከእነዚህ መሣሪያዎች ጋር ያስራሉ፣ በዚያውም ሴንሰሮቹ ይሰበራሉ፣ ገመዱ ይቆረጣል። ከሶማሊያ ባሻገር ባለው ባሕር ደግሞ በባሕር ላይ ዝርፊያ የተነሣ መርከቦች ሄደው መሣሪያ መትከል ያልቻሉባቸው ዓመታት ነበሩ፤ የመረቡ ምዕራባዊ ጎን ክፍት ሆኖ ቆየ። እንግዲህ ክፍቱ የቀረው በእኛ በኩል ያለው ነው።

አንድ የሥራ ባልደረባዬ ባሕር የሌለው አገር ሰው በባሕር ጥናት ምን እንደሚያደርግ ጠይቆኝ ነበር። ጥያቄው እስከ ዛሬ ያብከነክነኛል፤ ምክንያቱም የሐረርጌ ገበሬ የሚጠብቀው ዝናብ ከባሕር የሚነሣ ነው። በ2007 ዓ.ም. ክረምቱ ሲከዳ፣ የምሥራቅና የሰሜን ምሥራቅ ኢትዮጵያ ማሳ ሲደርቅ፣ መንሥኤው ከእኛ በሺዎች ኪሎ ሜትሮች ርቆ በፓስፊክ ውቅያኖስ ወገብ ላይ የተከማቸው ሙቀት ነበር፤ ኤል ኒኞ የሚባለው። ያ ሙቀት የሚታወቀው በምድር ወገብ ዙሪያ በተደረደሩ ተንሳፋፊ መሣሪያዎች ነው፤ ድርድራቸው 70 ያህል ሆኖ የተጠናቀቀው እ.ኤ.አ. በ1994 ነው። በሕንድ ውቅያኖስም ምዕራባዊው ውኃ ከምሥራቃዊው ይበልጥ ሲሞቅ የምሥራቅ አፍሪካ የመኸር ወቅት ዝናብ መልኩን ይቀይራል፤ እ.ኤ.አ. በ2019 መጨረሻ ወራት የጎረፈው ዝናብ ከዚያ የመጣ ነው። ባሕሩን የሚለካው ሰው የእኛን ሰማይ እየለካ ነው። ታዲያ ባሕሩ ይህን ያህል ሲለካ፣ ከእኛ ጓሮ የሚወርደው ፈፋ ለምን ሳይለካ ይቀራል?

የጭቃውን ነገር ያገኘሁት በዚሁ ንባብ ውስጥ ነው።

ጥልቀት በሌለው ባሕር ወለል ላይ ያለ ጭቃ ከላይኛው ጥቂት ሚሊ ሜትር በታች ኦክስጅን የለውም። እዚያ የሚኖሩት ባክቴሪያዎች የሞተ ነገር ይበላሉ፤ ከበሉት የሚተርፋቸውን ኤሌክትሮን ግን ለኦክስጅን መስጠት ስለማይችሉ ለብረት፣ ለድኝ፣ ላገኙት ነገር ይሰጡታል። ካርቦን ካገኙ ለካርቦኑ ይሰጣሉ። እንግዲህ አንድ የካርቦን ዘንግ ጭቃው ውስጥ ቢቀበር፣ ሌላው ከላይ ኦክስጅን ባለበት ውኃ ውስጥ ቢቀመጥና ሁለቱ በሽቦ ቢያያዙ፣ ኤሌክትሮኖቹ በሽቦው ውስጥ ይሄዳሉ። ነገሩ ይኸው ነው። ባክቴሪያ ኤሌክትሪክ ሊሰጥ እንደሚችል እንግሊዛዊው የእፅዋት ተመራማሪ ፖተር እ.ኤ.አ. በ1911 ጽፎ ነበር፤ ለብዙ ዓመታት ግን ከቤተ ሙከራ ጉድ የዘለለ ቦታ አላገኘም። እ.ኤ.አ. በ1987 ተመራማሪው ዴሬክ ለቭሊ ከዋሽንግተን አጠገብ ከሚፈሰው ከፖቶማክ ወንዝ ደለል፣ ኤሌክትሮኑን ለብረት የሚሰጠውን ጂኦባክተር የተባለ ባክቴሪያ ለየ። እ.ኤ.አ. በ2001 ክሌር ራይመርስና ሌናርድ ቴንደር ከባልደረቦቻቸው ጋር ከባሕር ጭቃና ከውኃው መካከል ኃይል መሰብሰብ እንደሚቻል አሳዩ። እ.ኤ.አ. በ2008 ደግሞ የቴንደር ቡድን የአየር ሙቀትን፣ ግፊትን፣ እርጥበትንና የውኃ ሙቀትን ለክቶ በሬዲዮ የሚልክ ተንሳፋፊ የአየር ሁኔታ መሣሪያ በጭቃ ኃይል ብቻ እንደሠራ አሳተመ። መሣሪያው የሚፈልገው በአማካይ 18 ሚሊዋት ነበር። ከሠሯቸው ሁለት የጭቃ ባትሪዎች ትንሹ 16 ኪሎ ግራም ይመዝናል፤ 36 ሚሊዋት ያህል ይሰጥ ነበር። እነሱ ሲያሰሉት ይህ በዓመት ከ26 ትልልቅ ባትሪ ድንጋዮች ጋር እኩል ነው።

አባቴ ማንበቤን አስቆመኝ። «ሃያ ስድስት ድንጋይ?» አለ። በልጅነቴ ሬዲዮናችን የሚሠራው በባትሪ ድንጋይ ነበር፤ ድንጋዩ ሲደክም አባቴ በረንዳው ላይ ፀሐይ ያሞቀውና ለአንድ ሁለት ቀን ዜና ይሰማበታል። በዓመት ሃያ ስድስት ድንጋይ ለእሱ ቁጥር አይደለም፤ ከደመወዙ የወጣ ገንዘብ ነው። ከጭቃ መገኘቱን ሲሰማ ተነሥቶ ሌላ ሻይ ቀዳልኝ።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ወደ ሐረማያ ሄድን። በ1990ዎቹ ደርቆ የነበረው ሐይቅ ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ተመልሷል፤ ስለ ሐይቁ መመለስ ብቻ ሌላ ጊዜ እጽፋለሁ፣ በዚህች ቦታ አይበቃኝም። ከዳርቻው በሦስት ባልዲ ጥቁር ጭቃ ይዘን ተመለስን። ለካርቦኑ ደግሞ ሰፈር ለሰፈር ዞሬ ያለቀላቸው ባትሪ ድንጋዮች ለቀምኩ። ርካሹ ዓይነት ድንጋይ መሐሉ ላይ ጥቁር የካርቦን ዘንግ አለው፤ ልጆች ሳለን አውጥተን ግድግዳ ላይ እንጽፍበት ነበር። በየባልዲው 24 ዘንጎች በማይዝግ ሽቦ አስሬ ቀበርኩ። ከላይ የሚቀመጠውን ከማይዝግ ብረት ወንፊትና ከተፈጨ ከሰል ሠራሁት። የእኛ በረንዳ ለሁለት ወር የሐይቅ ዳር ሽታ ሸተተ፤ እናቴ ልብስ የምታሰጣበትን ቦታ ወደ ጓሮ አዛወረች እንጂ አንድ ቃል አልተናገረችም፤ ለዚህ አመሰግናታለሁ።

የመጀመሪያው ቀን ቴስተሩ 0.08 ቮልት አነበበ። በአምስተኛው ቀን 0.3 ሆነ። በዘጠነኛው ቀን 0.52። ባክቴሪያዎቹ ዘንጉን እስኪያገኙት፣ እስኪሰፍሩበት ጊዜ ይፈልጋሉ። ከዚያ በ1,000 ኦም ሬዚስተር (የኤሌክትሪክ ፍሰትን የሚገታ ዕቃ) ላይ አያይዤ ሥራ ስሰጠው 0.31 ቮልት ላይ ረጋ። ቮልቱን በራሱ አባዝታችሁ በ1,000 ስታካፍሉት 0.1 ሚሊዋት ያህል ይመጣል፤ አንድ ትንሽ የማመላከቻ መብራት እንኳ በቅጡ አያበራም።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው ተስፋ ይቆርጣል። እኔም ሁለተኛውን ባልዲ በማጥገብ ኃይሉን ላበዛው ሞከርኩ። አወዳይና ሐረር ጫት በሚሸጥባቸው ቦታዎች ገራባ (የጫት ትራፊ) እንደ ክምር ይጣላል፤ ፍየል የተረፈውን ይበላል፣ ቀሪው ይበሰብሳል። ደርቆ የተከተፈ 200 ግራም ገራባ ሁለተኛው ባልዲ ውስጥ፣ 20 ግራም ሦስተኛው ውስጥ ጨመርኩ። ሁለተኛው በሦስተኛው ቀን አረፋ መድፈቅ ጀመረ፣ ከዚያ ኮመጠጠ፣ ቮልቱም ወደ 0.1 ወረደ። ከእበት ጋዝ የሚያወጣ የባዮጋዝ ማብላያ ያለው ገበሬ ይህን ያውቀዋል፤ አንድ ጊዜ ብዙ የቀለብከው ማብላያ ይኮመጥጥና ጋዝ መስጠት ያቆማል። በጭቃው ውስጥ ሁለት ወገኖች አንድ ማዕድ ላይ ይሻማሉ፤ ሚቴን ጋዝ የሚሠሩትና ኤሌክትሮን ለዘንጉ የሚሰጡት ሁለቱም በሆምጣጤ ውስጥ ያለውን ዓይነት አሲድ ይፈልጋሉ። አሲዱ ሲበዛ ደግሞ ሁለቱም ይታመማሉ። ጫት ውስጥ ያለው ታኒንም አላገዘ ይሆናል። 20 ግራም የተሰጠው ሦስተኛው ባልዲ ግን ቀስ ብሎ ከመጀመሪያው በለጠ፤ 0.34 ደረሰ፣ እዚያው ቆየ።

ከዚያ በኋላ ጥያቄዬን ገለበጥኩት። ጭቃው ምን ያህል እንዲሰጠኝ ላድርገው ማለቴን ትቼ፣ ይህ ጭቃ በሚሰጠው የሚኖር መሣሪያ ምን ዓይነት ነው አልኩ። አርጎን የሠሩት ሰዎች የጀመሩት ከዚህ ይመስለኛል።

ሒሳቡ ይህ ነው። 0.1 ሚሊዋት በ24 ሰዓት ውስጥ 8 ጁል (የጉልበት መለኪያ ነው) ይሆናል። ዝቅተኛውን ቮልት ከፍ አድርጎ ወደ ካፓሲተር በሚያጠራቅመው ሰርኪዩት ውስጥ ግማሹ ይጠፋል፤ 4 ቀረ። የመሣሪያው ትንሿ ኮምፒውተር ተኝታም ቢሆን በቀን 1.4 ጁል ያህል ትበላለች። የቀረው 2.6 ነው። በሞባይል ስልክ መረብ መልእክት መላክ በአንድ ጊዜ ብዙ ጁል ስለሚጠይቅ ከጅምሩ ተሰረዘ። ሎራ የሚባለው ሬዲዮ ግን በአዝጋሚ ፍጥነት ጥቂት ቁጥሮችን አሥርና አሥራ አምስት ኪሎ ሜትር ያደርሳል፣ መሐሉ ገደል ካልከለለው። ለክቶ አንድ መልእክት መላክ በእኔ መሣሪያ 0.2 ጁል ይፈጃል። እንግዲህ በቀን 13 መልእክት። በየሁለት ሰዓቱ አንድ ጊዜ፣ አሥራ ሁለት፤ አንዱ ለክፉ ቀን ይተርፋል። ያንን ቁጥር ከወረቀቱ ላይ ባየሁት ጊዜ የተሰማኝን ደስታ መግለጽ ይከብደኛል። ባልዲ ሙሉ ጭቃ በቀን አሥራ ሦስት ጊዜ መናገር ይችላል!

ነገር ግን ደቻቱ አሸዋ ነው። የጭቃ ባትሪ የሚኖረው ውኃ በማይለየው ቦታ ነው፤ ከከተማዋ በላይ ካለው ከደንገጎ ወደ ታች ባሉት ፈፋዎች ከክረምት ውጭ እርጥብ ነገር የለም። ባሕሩ ውስጥ ለሠሩት ሰዎች ይህ ችግር አልነበረም። ለሁለት ወር መፍትሔ አላገኘሁም።

መፍትሔው ፓነሌ ከተሰረቀበት ቦታ 60 ሜትር ርቀት ላይ ነበር። ከፈፋው በላይ ባለው ግቢ ውስጥ ሁለት ላሞች ያሏቸው እናት ይኖራሉ። ግቢያቸው ውስጥ የተቀበረ የባዮጋዝ ማብላያ አለ፤ እበትና ውኃ እኩል በእኩል አቡክተው በየጠዋቱ ይጨምራሉ፣ ጋዙ ምድጃቸውን ያነዳል፣ ዝቃጩ በሌላው በኩል ወደ አንድ ጉድጓድ ይወጣል። ያ ጉድጓድ በበጋም በክረምትም እርጥብ ነው። ኦክስጅን የለውም። በባክቴሪያ የተሞላ ነው። በየቀኑም አንዲት ትጉህ ሴት ትቀልበዋለች።

በኦሮምኛ ነበር የተነጋገርነው። «ኢንተላ ኮ (ልጄ)፣ ጋዜን ይወስድብኛል?» አሉኝ። ትክክለኛ ጥያቄ ነው። ማብራሪያ ከመስጠት ይልቅ እዚያው ተቀምጬ አሰላሁላቸው። ዘንጎቼ የሚቀመጡት ጋዙ ከተለየ በኋላ በሚወጣው ዝቃጭ ውስጥ ነው፤ እንዲያውም ከጋዙ ቢወስዱ እንኳ የዓመት ድርሻቸው ምድጃቸው በሦስት ሰከንድ ከሚያቃጥለው አይበልጥም። አንድ ሜትር ኩብ ባዮጋዝ 20 ሚሊዮን ጁል ገደማ ይይዛል፤ የእኔ መሣሪያ በዓመት የሚበላው አራት ሺህ አይሞላም። «ሦስት ሰከንድ?» ብለው ክብሪት እንደሚጭር ሰው እጃቸውን አንቀሳቀሱ፤ ከዚያ ፈቀዱልኝ።

ሁለተኛው ጥያቄያቸው ይበልጥ ከበደኝ። «ውኃው ሲመጣ ለከተማው ይናገራል። ለእኛስ?» ፍየሎቻቸውን የሚያሻግር የአሥር ዓመት የልጅ ልጅ አላቸው። እውነቴን ነው፣ ከታች ያለውን ከተማ ሳስብ በፈፋው አፍ ላይ የሚኖሩትን አላሰብኳቸውም ነበር። በግቢው ለግማሽ ደቂቃ የሚጮህ ትንሽ ደወል ጨመርኩ። ደወሉ 0.6 ጁል ይፈጃል፤ ሦስት መልእክት ማለት ነው። በደስታ ከፈልኩት።

የተከልነው በጥቅምት ነው። በሁለተኛው ሳምንት ኃይሉ ወደቀ። ዝቃጩ ላይ ቅርፊት ሠርቶ ወንፊቱን ከአየር ለይቶታል፤ ደግሞም ዝቃጩ ከፍና ዝቅ ሲል ወንፊቱ አንዴ ይሰጥማል፣ አንዴ ይደርቃል። እኔ በብረት ማስተካከያ ልሠራለት ሳስብ እናትየው ባዶ የዘይት ጀሪካን አምጥተው «በዚህ ላይ እሰሪውና አንሳፍፊው» አሉ። ጀሪካኑ ከዝቃጩ ጋር ይወጣል፣ ይወርዳል። ቅርፊቱንም ጠዋት ጠዋት እበት ሲጨምሩ በእንጨት ይሰብሩታል። ውቅያኖስ ላይ የሚንሳፈፉት መሣሪያዎች የቆሙበት ሐሳብ ይኸው ነው፤ እርሳቸው ባሕር አይተው አያውቁም።

በኅዳርና በታኅሣሥ የደጋው ሌሊት ሲበርድ 0.34 የነበረው ቮልት ወደ 0.24 ይወርዳል፤ ኃይሉ በግማሽ ይቀንሳል ማለት ነው። ባክቴሪያም ብርድ ላይ ይሰንፋል። በእነዚያ ወራት መልእክቱን በየአራት ሰዓቱ አደረግኩት። ጎርፍ የሚፈራው በበልግና በክረምት ስለሆነ ብዙ አላስጨነቀኝም።

ያስጨነቀኝ ሌላው ነው፦ ጎርፍ ሁለት ሰዓት ቆሞ አይጠብቅም። ለዚህም መልሱን ከባሕር ወሰድኩ። የሱናሚ ማስጠንቀቂያ የሚሰጡት ዳርት የተባሉ መሣሪያዎች በባሕር ወለል ላይ ሆነው ከበላያቸው ያለውን የውኃ ግፊት ይለካሉ። በደህና ጊዜ በየ6 ሰዓቱ ብቻ ይናገራሉ። የውኃው ከፍታ ከሚጠበቀው በ3 ሴንቲ ሜትር ያህል ከተለየ ግን ወዲያው ይነቁና ያለማቋረጥ ይልካሉ። እኔ ፈፋው ውስጥ በውኃ ታንከር ውስጥ እንዳለው ዓይነት ተንሳፋፊ ኳስ ሰቀልኩ። ኳሱ እስኪነሣ ድረስ ምንም ኃይል አይበላም፤ ውኃ ሲያነሣው ሁለት ሽቦዎች ይገናኛሉ፣ ኮምፒውተሯ ትነቃለች፣ ካፓሲተሩ ያጠራቀመውን ለዚህ ሰዓት ያወጣል። ደወሉ ይጮሃል፣ መልእክት በየአምስት ደቂቃው ይወጣል፣ ለአንድ ሰዓት ከሩብ ያህል።

ከዚያ መጠበቅ ሆነ። ከቤታችን ጣሪያ ላይ ያለው አንቴና በየሁለት ሰዓቱ «0» ይቀበላል። አባቴ ጡረታ ከወጣ ወዲህ ያልነካውን ዓይነት ትልቅ ደብተር ገዝቶ፣ እንደ ጣቢያው መዝገብ በማስመሪያ አስምሮ፣ ጠዋት ጠዋት ያሰፍር ጀመር። ዜሮ። ዜሮ። ዜሮ። መልእክት ሲዘገይ ከእኔ ቀድሞ የሚያውቀው እሱ ነው፤ «የሰባት ሰዓቱ አልገባም» ይለኛል። በጥር አንድ ቀን ሦስት መልእክት ቀረ፤ እናትየው ለለቅሶ ሐረር ሄደው ማብላያው አልተቀለበም ነበር።

በሚያዝያ አንድ ማክሰኞ ሌሊት ኮምፒውተሬ ጮኸ። ከፈፋው 14 ሴንቲ ሜትር የሚል ቁጥር ገባ። ከአምስት ደቂቃ በኋላ 19። እናትየው በስልክ ደውለው ደወሉ መጮሁን፣ የልጅ ልጃቸው ቤት መሆኑን ነገሩኝ። 14 ሴንቲ ሜትር ማንንም የሚጎዳ ጎርፍ አይደለም። ቢሆንም አባቴን ቀሰቀስኩት፤ ካፖርቱን ደርቦ፣ የእጅ ባትሪውንና ደብተሩን ይዞ ወጣ። በባጃጅ ወደ ደቻቱ ድልድይ ሄድን። ሰማዩ በከዋክብት ተሞልቶ ነበር፣ አሸዋው ደረቅ ነው፣ ከወዲያ ማዶ መጋላ ተኝቷል። ባለ ባጃጁ ምን እንደምንጠብቅ ጠየቀን። አባቴ «ውኃ» አለው። ልጁ ሰማዩን አየና ሞተሩን አጥፍቶ ከእኛ ጋር ቆመ።

ቁጥሮቹ ወደ ስልኬ መግባታቸውን ቀጠሉ፤ 22፣ 21፣ 17። ከዚያ ካፓሲተሩ ስላለቀ ቆሙ።

መጀመሪያ የሰማው አባቴ ነው። እጁን አነሣ፤ ዝም አልን። የደረቀ ቅጠል የሚጎተት ዓይነት ድምፅ ነበር። ባትሪውን ወደ አሸዋው ሲያበራ፣ ስፋቱ ሁለት ሜትር የማይሞላ ቡናማ ውኃ አረፋና ጭራሮ እየገፋ፣ አሸዋው እየጠጣው፣ ቀስ ብሎ ከድልድዩ ሥር ገባ። አባቴ ሰዓቱን አየ። ደብተሩን በድልድዩ ግንብ ላይ ዘርግቶ፣ ባለ ባጃጁ እያበራለት፣ በሚያምረው የጣቢያ ጽሕፈቱ ጻፈ፦

«መነሻ 4፡40። መድረሻ 6፡32። ተደውሏል።»